የልዕልት ጉልፔሪ መዳፍ

በካይሮ የወንፊተኞች ሰፈር፣ ማዕለም፣ ማለትም አለቃ፣ በሚሉት በሸልቢ ቡና ቤት፣ ወሬ ከሻይ ቀድሞ ይቀርባል። ሻዩ ቀዝቅዞ ሊመጣ ይችላል፤ ወሬው ግን ሁልጊዜ ትኩስ ነው።

ሰሞኑን የቀረበው ይህ ነው። በጉልፔሪ ቤት ሙዚየም ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ባለችው ትንሽ ክፍል፣ በመስታወት ተሸፍና የምትታየው የእጅ አሻራ ቤቱ ድሮ የተሠራላት የልዕልት ጉልፔሪ አይደለችም፤ ሰፈሩ ዓም፣ አጎት፣ የሚለው የዘበኛው የሲባዒ ልጅ፣ የነስማ እጅ ናት። ሦስት መቶ ዓመት ቀርቶ ሠላሳም በቅጡ አልሞላትም። ሲባዒ ራሱ እዚያው ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ መንግሥትንም ምሁራንንም ፈረንጅንም ለዓመታት ሲያታልል ኖሯል።

ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዛወር እየሰባ ሄደ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት «ልጅቷ እኮ ሞታለች» አሉ። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ዘንድ ሲደርስ ግድግዳው ውስጥ ተቀበረች። ሺሻ ማጨሻው ጥግ ሲደርስማ እጇ በየዓረፋው ደም ማንባት ጀመረች፤ አንድ የጀርመን ፕሮፌሰር ይህን አይቶ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወጣ፤ ሲነቃም ጀርመንኛው ጠፍቶት ዛሬ የሚናገረው ዓረብኛ ብቻ ነው፤ ያውም የወንፊተኞች ሰፈር ዓረብኛ።

እንግዲህ ይህን ማን ያምናል? ይህ ቡና ቤት ባለፈው ዓመት ብቻ ማዕለም ሸልቢን ሁለት ጊዜ ቀብሮታል፤ አንዴም ሰውየው ቆሞ ሻይ እየቀዳላቸው። ፀጉር አስተካካዩን የፈረንሳይ ሰላይ ብሎታል፤ ማስረጃው መቀሱ ፈረንሳይ መሠራቱ ነበር። ደግሞስ ሦስት ፕሮፌሰሮችና አንድ ሙሉ ኮሚቴ የፈረሙባትን እጅ፣ ወሬውን ያመጣው ዚንሁም የሚባል ሻይ አመላላሽ ሊነጥቃቸው ነው? ሰው ለመጠራጠር እንኳ ትንሽ ማፈር አለበት።

ሲባዒም ቢሆን ወሬ የሚያምርበት ሰው አይደለም። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው፤ ሰማያዊ የደንብ ልብሱ ውስጥ ሌላ አንድ ሲባዒ ሊገባ ይችላል። በር ላይ የሚቀመጥባት ወንበር ከቤቱ ቅርሶች ሁሉ ሳትቀድም አትቀርም። በወረቀት ዘበኛ ይባል እንጂ፣ አስጎብኚ ተብሎ የተመደበው ሰው ከተሾመበት ቀን ወዲህ ስላልታየ፣ ጎብኚ የሚያዞረው እሱ ነው።

«ይህ የእንግዶች አዳራሽ ነው» ይላል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። «ይህ ፏፏቴው ነው፤ እብነ በረዱን አትርገጡ። ይህ የወይዛዝርቱ መስኮት ነው፤ እነሱ ያያሉ፣ አይታዩም። አሁን ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ሦስተኛዋ ላይ ተጠንቀቁ፣ ከዳተኛ ናት።»

እላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል። በግድግዳው ውስጥ የተሠራች ቁምሳጥን አለች፤ በሯ ተነሥቶ መስታወት ገብቶላታል። ውስጥ፣ ከመሬት ብዙም ሳትርቅ፣ ቡናማ የሆነች ትንሽ መዳፍ ኖራው ላይ ታትማለች። አምስቱም ጣቶች ተለያይተው፣ አውራ ጣቷ ትንሽ ሸሽታ።

ባለፈው ወር ከጣንታ የመጡ ሙሽሮች ነበሩ። ባልየው ጎንበስ ብሎ አየና «ዓም፣ ልዕልት ሆና እንዲህ ምድር ላይ ምን አስወረዳት?» አለ።

«ምሁራኑ ከትሕትናዋ ነው ይላሉ። ተንበርክካ ነው።»

«ባሏ ትሑት ሚስት ነበረችው ማለት ነው! የኔዋ ብትሆን ጣራው ላይ ወጥታ ነበር የምታትመው።»

«ጣራው ላይ ቤት ሠርተህልኝ ነው?» አለች ሙሽሪት። ደረጃውን እየሳቁ ወረዱ። ሲባዒም ሳቀላቸው። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ የሙሽራው ትንፋሽ ያረፈበትን መስታወት ጠረገ።

በዚህ ነገር አርባ ገጽ ጥናት ተጽፏል። «መንበርከክና ሥልጣን» ይላል ርእሱ። ቀለሙ ሂና ነው ያለ አለ፤ የእንጆሪ ጭማቂ ነው ያለ አለ፤ ሁለቱ ባለፈው ዓመት በአንድ ጉባኤ ላይ ተያይዘው አስታራቂ አስፈልጓቸዋል። የላቦራቶሪው ውጤት በሚቀጥለው ወር ይደርሳል። በሚቀጥለው ወር ይደርሳል ከተባለ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

ደም መሆኑን የሚያውቀው ሲባዒ ነው።

ያኔ ቤቱ ሙዚየም አልነበረም። መኳንንቱ አልቀው፣ ወራሾቻቸውም ተበትነው፣ ሃያ ሁለት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖርበት ነበር። ትልቁን አዳራሽ አራት ቤተሰብ በአንሶላ ተከፋፍሎታል፤ አንዱ ሲያስነጥስ ከሦስት ቤት «አላህ ይማርህ» ይመጣል። ፏፏቴው ውስጥ ኡም ሰማሕ ዳክዬ ታረባለች። እብነ በረዱን ያልረገጠ ካለ ዳክዬ አልነበረም።

ፎቅ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል የሲባዒ ነበረች። እዚያ ተወለደ፤ እዚያ ነጋትን አገባ፤ እዚያ ነስማን ወለዱ። ልጅቷ በተወለደች በሰባተኛው ቀን ሰፈሩ የሁለቱንም ስም ወሰደባቸው። እሱ አቡ ነስማ፣ የነስማ አባት፣ ሆነ፤ እሷ ኡም ነስማ። ሲባዒ ብሎ የሚጠራው የመብራት ኃይል ደረሰኝ ብቻ ነበር።

ነስማ ስድስት ዓመት በሞላት ዓመት፣ የዓረፋ ዕለት፣ ግቢው ውስጥ በግ ታረደ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ወጉ እጃቸውን በደሙ እየነከሩ ክፉ ዓይን እንዳይገባ በየበሩ ላይ ያትማሉ። ነስማ ግን በሩን ትታ፣ የራሰች እጇን እንደ ሻማ ከፍ አድርጋ፣ ደረጃውን ሮጠችው። ቁምሳጥኗን ከፈተች፤ ድብብቆሽ ስትጫወት የምትወሸቅባት ናት። ከመደርደሪያው ሥር ገብታ ጧ አደረገችው።

«የሰው ልጅ በር ላይ ያትማል!» አለች ነጋት። «አንቺ ቁምሳጥን ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ክፉ ዓይን በበሩ አይሆንም ሲባል በቁምሳጥን ቢመጣስ?»

ሲባዒ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይህቺ የጦር ሚኒስትር ናት» አለ።

ክፉ ዓይን በበሩም በቁምሳጥንም አልመጣም። ከዓረፋው በኋላ በአራተኛው ወር፣ በጥቅምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ መሬት ተንቀጠቀጠች። በትምህርት ቤቱ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሲሮጡ ደረጃው ላይ ተረጋገጡ። ግድግዳው አልወደቀም፤ ጣራውም አልወደቀም። ሌሎቹ ተነሡ። ነስማ አልተነሣችም።

በዚያው ሳምንት ቤቱ ተሰንጥቋልና ውጡ ተባለ። ጭነት መኪናዎች መጡ፤ በበረሃው ዳር አዲስ ሕንፃ ተሰጥቷችኋል፣ ዕቃችሁን በአንድ ሰዓት ውስጥ አውርዱ። በዚያች አንድ ሰዓት ሰው ሁሉ ፍራሹን ይሸከማል፤ ኡም ሰማሕ ዳክዬዎቿን ታሳድዳለች። ነጋት የለቅሶ እንግዶች የጠጡበትን ስኒ ታጥብ ነበር። አንድ በአንድ አጥባ፣ አድርቃ፣ ደረደረች። ሲባዒ አጠገቧ ቆሞ ያደርቅላታል። ሰዓቱ ሲያልቅ ከስኒዎቹ ሌላ የያዙት ነገር አልነበረም። የልጅቷ ልብስ፣ ደብተሮቿ፣ አንድ ለእናቷ ያነሡላት ፎቶግራፍ፣ ሁሉም እዚያ ቀሩ። በማግስቱ ሲባዒ ሊወስድ ቢመለስ በሩ ታሽጓል። በሳምንቱ የክፍሏ ጣራ ግማሹ ወርዶ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ጭቃ አደረገው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ቤቱ ሊታደስ ነው ሲባል፣ ሲባዒ በኖራ ተሸካሚነት ተቀጠረ። ሌላ ሥራ አጥቶ አልነበረም፤ አንድ ጓደኛው ጋራዥ ውስጥ የተሻለ አግኝቶለት ነበር። ከየት እንደመጣ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረም። ትእዛዙ አጭር ነው፤ የመኳንንቱ የሆነ ይጠበቅ፣ የተከራዮቹ የሆነ ይፋቅ። የጥቀርሻው፣ የምስማሩ፣ የዳክዬው ምልክት ሁሉ ይፋቃል። ሐጅ ደርሰው የመጡት የሲባዒ አባት በበሩ ራስ ላይ ያሣሉት አውሮፕላንና ካዕባም ይፋቃል። ሲባዒ አውሮፕላኑን ራሱ ከጭራው ጀምሮ ፋቀው። ካዕባው ላይ ሲደርስ እጁ እንቢ አለችውና ለሌላ ሠራተኛ ለቀቀ።

ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ግን የሚያስነካ አልሆነም። አንድ ሳምንት «ጊንጥ አለ» አለ። ሌላ ሳምንት «ወለሉ ይከዳል» አለ። በመጨረሻ ጂን አስገባባት፤ ያውም ክርስቲያን ጂን፣ ቁርኣን የማይበግረው። ይህ ሁለት ወር አገለገለው። ፕሮፌሰር ግን ጂን አይፈራም። አንድ ቀን ጠዋት እድሳቱን የሚመራው ፕሮፌሰር መጣና ቁምሳጥኗን ከፈታት።

«እጅ!» ብሎ ጮኸ። «የሴት እጅ! ጣቶቹን ተመልከቱ፤ የመኳንንት ጣት ነው!»

የግንበኞቹ አለቃ አንገቱን አስገብቶ አየ። «ፕሮፌሰር፣ የተከራይ ልጅ አትማው ብትሆንስ?»

«የተከራይ ብትሆንማ አሁኑኑ ትፍቃታለህ። ግን እንዲህ ያለ ጣት ያለው ተከራይ የት አይተህ ታውቃለህ?» ወደ ሲባዒ ዞረ። «አንተስ፣ ይህን አይተህ ታውቃለህ?»

ሲባዒ መፋቂያውን እንደያዘ ነበር። ቁምሳጥኗን ለመክፈት ስላልደፈረ አሥራ ሁለት ዓመት ያላያት እጅ እዚያው ናት፤ ጣራው ሲወርድ መደርደሪያው ከልሏታል። «የልጄ ናት» የሚለው ቃል ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር።

«የለም» አለ። «ዛሬ ማየቴ ነው።»

ማታ ቤቱ ሲገባ ነጋት ምስር ትለቅም ነበር።

«አልፋቋትም» አላት።

ስለ ምን እንደሚያወራ አልጠየቀችውም። «ምን አሏት?»

«ልዕልት።»

ምስሩን ቀጠለች። «ድሮም ነበረች» አለች።

ቤቱ ሲከፈት ሲባዒ ዘበኛ ሆነ፤ የእያንዳንዱን በር ጠባይ እንደሱ የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነጋት በየማክሰኞው ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትመጣለች። ትኬት ትቆርጣለች። ባሏ ትኬቷን ይቀድዳል።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ።»

«እንኳን ደህና ቆዩ።»

ጠዋት አንድ ትሪ ላይ ፉል በልተው የተለያዩ ባልና ሚስት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እርስዎ ይባባላሉ። አዳራሹን፣ ፏፏቴውን፣ መስኮቱን አንድም ሳያስቀር ያስጎበኛታል። ሰባት መቶ ጊዜ ያህል ሰምታዋለች። አንዳንዴም ታርመዋለች። «ባለፈው የፏፏቴው እብነ በረድ ከሰባት ቀለም ነው ብለው ነበር፤ ዛሬ ስድስት አደረጉት» ትለዋለች፣ እሱም ይቅርታ ይጠይቃታል። እላይ ሲደርሱ እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይቆማል፤ እሷ መሬት ላይ ትቀመጥና መዳፏን መስታወቱ ላይ፣ ልክ በዚያችኛዋ ትክክል፣ ታሳርፋለች። ያን ያህል ነው። ቤታቸው ስለ ነስማ አይነሣም። ስሟ የሚጠራ ከሆነ እዚህ ነው፤ ያውም ጉልፔሪ ተብሎ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን አቡ ነስማ ማለት አልተዉም። ለመናቸው። ማሉለት። በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ «አቡ ነስማ! ዛሬ ጢምህን አልተላጨህም እንዴ?» ብለው ይጮሁበታል።

ታዲያ በዘንድሮው የዓረፋ ዋዜማ፣ ዚንሁም የሲባዒን ሻይ ይዞ በር ላይ ቢያጣው ፎቅ ወጣ። ማክሰኞ ነበር። ነጋት መስታወቱን ስትስም አያት፤ «ነስማዬ፣ የኔ ትንሽ» ስትል ሰማት። ሻዩን ሳይሰጥ ተመለሰ። ዚንሁም ክፉ ሰው አይደለም፤ እንባውን እየጠረገ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም አስምሎ ነገረው። ያም ሰው አስምሎ ነገረ። ፀሐይ ስትጠልቅ እስከሚሰገደው መግሪብ ሰላት ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ምሎ ነበር።

የማለው ወሬ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ዶክተር ሙሺራ የምትባል ተቆጣጣሪ ፋይል ይዛ መጣች። ዚንሁም ከሩቅ አያትና ሮጦ ቀደማት።

«ዓም ሲባዒ፣ ምላሴ ይቆረጥ!»

«ቢቆረጥ ዛሬ አይጠቅመኝም» አለ ሲባዒ። «ሂድ፣ ለሴትየዋ ቡና አምጣ። ስኳር ይነስ።»

ዶክተር ሙሺራ ጩኸታም ሴት አልነበረችም። ፎቅ ወጥታ፣ ጉልበቷን እያመማት ጎንበስ ብላ የታተመችውን መዳፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ጉልፔሪን በዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተማሪዋ አስወድዷት እንደሆነ፣ ወይም ጉልበቷ ብቻ እንደሆነ፣ ስትነሣ ተነፈሰች።

«ዓም ሲባዒ፣ እዚህ ቤት ተከራይ ነበሩ ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰፈሩ። ይህች እጅ የልጅዎ ናት ይላሉ። ነስማ የምትባል።»

«ሰፈሩ ማዕለም ሸልቢን ሁለት ጊዜ ቀብሮታል፤ ቡናውን ያፈላልዎት እሱ ነው።»

ሳቀች፤ ግን ፋይሉን አልዘጋችም። «አቡ ነስማ ብለው ሲጠሩዎት እኔ ራሴ ከመንገድ ሰማሁ።»

«ዶክቶራ፣ እዚህ ሰፈር ራሰ በራውን የፀጉር አባት ይሉታል። ሲጠሩት የሰሙ እንደሆነ ፀጉር ይፈልጉለታል?»

 ዶክተር ሙሺራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይስሙኝ» አለች። «ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቶዎታል። እርስዎን የሚነካ የለም፤ ይህን በራሴ እምላለሁ። እጇ የተከራይ ከሆነች ደንቡ ያው ነው፤ ትፋቃለች፣ በኖራ ትሸፈናለች። ግን ፎቶግራፍ አስነሥቼ እሰጥዎታለሁ። በስሟ። እውነቱን ይንገሩኝ ብቻ።»

ሲባዒ መሐረቡን ከኪሱ አወጣ፤ የሚጠርገው አጣ። «በስሟ» አለች። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ፊቱ ቆሞ የልጅህን ስም ንገረኝ፣ ልጻፈው ያለው አልነበረም።  ነስማ ሲባዒ፣ ስድስት ዓመት፤ ይኸው ብቻ ነው። ሁለት ቃል ከቁጥር ጋር። ቢላት ይቀለዋል። ቢላት ነገ ጠዋት አንድ ኖራ ተሸካሚ፣ እንደሱ ያለ፣ መፋቂያ ይዞ ይህን ደረጃ ይወጣል።

ሦስተኛዋ ደረጃ ሲጥ አለች። ነጋት ነበረች፤ ትኬቷን ይዛ፣ እየተነፈሰች። በሩ ላይ ቆመች። ዶክተር ሙሺራን አየች፤ ፋይሉን አየች፤ የባሏን ፊት አየች። ምን እንደተባለ አልሰማችም። ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ መስማት አላስፈለጋትም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ብቻዬን ነው የወጣሁት» አለች። «አስጎብኚው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እመቤቴ።»

«ይህች ናት የሚሏት?» ወደ መስታወቱ ቀረበች። አልተቀመጠችም። እጇን አላነሣችም፤ ቦርሳዋን በሁለቱም እጆቿ ይዛለች። «ልዕልቲቱ ያኔ ስንት ዓመቷ ነበር?»

ዶክተር ሙሺራ ብዕሯን ይዛ ታያቸዋለች።

«ሃያ አራት» አለ ሲባዒ። ድምፁ አስጎብኚኛ ነበር፤ እኩል፣ ደረቅ፣ እስከ መስኮቱ የሚሰማ። «ይህን ቤት ባሏ አሠርቶ ያስረከባት ዕለት ተንበርክካ ነው ያተመችው። ረጅም ዕድሜ ኖራለች። ልጆቿን ድራለች። የልጅ ልጅም አይታለች ይላሉ።»

«እንኳን አየች» አለች ነጋት። «አላህ ይስጥልኝ።» ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ደረጃውን ወረደች። የዚያን ዕለት መዳፏን ሳታሳርፍ ሄደች።

ዶክተር ሙሺራ በሩን እያየች ቆየች። «ሴትዮዋን ያውቋታል?»

ሲባዒ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የደንብ ልብሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኩ መሰለ።

«አላውቃትም። ጎብኚ ናት። ይጻፉ ዶክቶራ፤ እኔም እፈርምበታለሁ። እዚህ ቤት ተከራይቼ አላውቅም። የመጣሁት ኖራ ልሸከም ነው። ይህች እጅ የልዕልት ጉልፔሪ ናት። ልጅ ወልጄ አላውቅም። ነስማ የምትባል ልጅ አልነበረችም።»